የምርኮኛ ስም፦ የካሜሮን ሃይላንደርስን መዝገቦች እንደ ድርሰት ስለ ማንበብ

ስለ ጦርነት የሚጻፉ መጻሕፍት ለሞተው ሐውልት፣ ላሸነፈው ውዳሴ አያጡም። ለተማረከው ግን የሚሆን ቃል ሲቸግራቸው ይታያል። ምርኮኛ አልሞተምና አይለቀስለትም፤ አላሸነፈምና አይፎከርለትም። ተራኪው ወደ እርሱ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፈዋል። ይህ ልማድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በፉከራና በቀረርቶ ያደገ ጆሮ የምርኮ ወሬ መስማት አይወድም፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር አንድም ሰው አልተማረከበትም እያልን በኩራት የምንናገረውም ከዚሁ ስሜት የተነሣ ነው። ኩራቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከኩራቱ ጥላ ሥር አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይኖራል፤ ለመሆኑ የተማረከ ሰው ታሪክ የት ይጻፋል? ማንስ ይጽፈዋል?

ይህን ጥያቄ በአንድ የስኮትላንድ ሬጅመንት ላይ ለመመርመር አስቤአለሁ። ሬጅመንቱ የንግሥቲቱ ካሜሮን ሃይላንደርስ ይባላል። በ1793 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ደጋ ተመሥርቶ፣ በ1961 ሲፎርዝ ሃይላንደርስ ከተባለው ሬጅመንት ጋር ተዋሕዶ የብቻው ስሙ ቀርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ሻለቆቹ በሁለት ዓመት ልዩነት ተማርከዋል፤ በሁለቱም ጊዜ ድል አድራጊው ያው አንድ ሰው፣ የጀርመኑ ጄኔራል ኤርቪን ሮመል ነበር። ስለ እነዚህ ምርኮኞችና ስለ መሰሎቻቸው የተጻፈው ነገር በሦስት ይከፈላል፤ የሬጅመንት ትረካ፣ የምርኮኞች የትዝታ መጽሐፍና የስም ዝርዝር። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከሦስቱ መካከል እንደ ድርሰት ተቆጥሮ የማያውቀው የስም ዝርዝሩ፣ ለተራው ወታደር ከሁሉ ይልቅ ታማኝ ሆኖ ይገኛል። ሆኖም እርሱም ደራሲ አለው፤ ደራሲውም የራሱ ዓላማና የራሱ ዝምታ አለው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ድርሰት በሂስ ዓይን መነበብ ይገባዋል።

ከከረን እስከ ቶብሩክ

ይህ ሬጅመንት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዳ አይደለም። 2ኛው ሻለቃ በ1941 መጀመሪያ ከ4ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ጋር ከሱዳን ተነሥቶ ኤርትራ የገባ፣ በፌብሩዋሪ ወር መጀመሪያ ከከረን በላይ ያለውን ሸንተረር ወጥቶ የያዘ ነው። ያ ሸንተረር በጦርነቱ ታሪክ ውስጥ «የካሜሮን ሸንተረር» ተብሎ ቀርቷል። ከረን የወደቀችው ከሳምንታት ብርቱ ውጊያ በኋላ ማርች 27 ቀን 1941 ነው፤ አሥመራ ወዲያው ተከተለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በውስጥ አርበኞች ተጋድሎ ላይ ይህ የሰሜኑ ድል የራሱን ድርሻ ጨምሮበት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ከዚያ በኋላ በአገራችን ላይ ያሳየውን ባሕርይ ለፖለቲካ ታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ከዚያ ሸንተረር በሕይወት የወረዱት ወታደሮች በኋላ ምን ሆኑ ብሎ መጠየቅ ግን ለእኛም የሚገባ ጥያቄ ነው።

ሻለቃው ወደ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ተመለሰ። ጁን 21 ቀን 1942 ቶብሩክ ስትወድቅ 33 ሺህ ያህል የእንግሊዝ፣ የደቡብ አፍሪካና የህንድ ወታደር ተማረከ። ካሜሮኖቹ የጦር ሰፈሩ አዛዥ እጅ ከሰጠ በኋላ አንድ ቀን ያህል ውጊያውን ቀጥለው፣ በመጨረሻ ሰልፋቸውን አሳምረው፣ ባግፓይፕ እያስነፉ ወደ ምርኮ ገቡ ተብሎ ይተረካል።

ይህ ትዕይንት በሬጅመንቱ ትዝታ ውስጥ እጅግ የተወደደ ነው፤ ውበቱንም የሚክድ አይኖርም። የተሸነፈ ሰው ቀና ብሎ ሲራመድ ማየት ልብ ይነካል። ነገር ግን ትዕይንቱ በትረካው ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ልብ እንበል። ሽንፈትን ወደ ሥነ ሥርዓት ይለውጣል። የሰልፉ ዜማ ሲያበቃ ምዕራፉም ይዘጋል፤ ሻለቃው በሌሎች ሰዎች እንደገና ሲቋቋም አዲስ ምዕራፍ ይከፈታል። ሬጅመንት ማለት ሰዎቹ ሲያልፉ እርሱ የሚቀጥል አካል ነውና፣ የአካሉ ታሪክ ጸሐፊ በሰዎቹ ምርኮ ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ለተራመደው ወታደር ግን ያ ዕለት ከሺህ የማያንሱ የእስር ቀኖች የመጀመሪያው ነበር። ከፊቱ የቤንጋዚ የሽቦ አጥር፣ የሜዲትራንያን ባሕር፣ የኢጣልያ ካምፕ፣ ለብዙዎቹም ከዚያ በኋላ የጀርመን ካምፕ ይጠብቀው ነበር። የትረካው መጨረሻና የሰውየው መከራ መጀመሪያ በአንድ ቀን መዋላቸው ነው እንግዲህ ፈላጊዎችን የፈጠረው። የልጅ ልጆች ተነሥተው «ከሰልፉ በኋላስ?» ብለው ጠየቁ።

በምርኮ ውስጥ የተፈጠረ ጭፈራ

የ4ኛው ሻለቃ ዕጣ ከዚህ ሁለት ዓመት ይቀድማል። የ51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር አካል ሆኖ በፈረንሳይ ሲዋጋ፣ የደንከርኩ ማፈግፈግ ካበቃ ከሳምንት በኋላ፣ ጁን 12 ቀን 1940 በሴንት ቫለሪ አን ኮ የባሕር ዳርቻ ተከበበ። አዛዡ ጄኔራል ቪክቶር ፎርቹን ለሮመል እጅ ሰጡ። ከየሬጅመንቱ በሺህ የሚቆጠሩ ስኮትላንዳውያን በአንድ ቀን ተማረኩ። በአንድ መንደር፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ ባንድ ሳምንት ውስጥ «የደረሰበት አልታወቀም» የሚል ወረቀት ተቀበለ ማለት ነው፤ እነዚህ ሻለቆች ከየአውራጃው የተሰበሰቡ ነበሩና። ምርኮኞቹ በፈረንሳይና በቤልጅግ በኩል ለቀናት በእግራቸው ተነዱ፤ ከሆላንድ በራይን ወንዝ በጭነት ጀልባ፣ ከዚያም በባቡር ተጓጉዘው ብዙዎቹ ፖላንድ ውስጥ ቶሩን ድረስ ደረሱ።

መኮንኖቹ ባቫሪያ ውስጥ ላውፈን በተባለ ቦታ ታሰሩ። በዚያም አንድ የአርጋይል ሬጅመንት መቶ አለቃ ከጓደኞቹ ጋር አዲስ ጭፈራ ፈጠረ፤ ዛሬም ድረስ የስኮትላንድ ጭፈራ ማኅበራት «የ51ኛው ክፍለ ጦር ሪል» እያሉ ይጨፍሩታል። ጨፋሪዎቹ ተያይዘው የሚሠሩት ቅርጽ የስኮትላንድ ሰንደቅ ዓላማ ምልክት የሆነውን የቅዱስ እንድርያስን ጋድም መስቀል ይመስላል።

ይህን ጭፈራ ከቶብሩኩ ሰልፍ ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። ሰልፉ የምርኮን በር የሚያስውብ ነው፤ ጭፈራው ግን ከበሩ ወዲያ፣ በርኃብና በመሰልቸት ውስጥ የተወለደ ነው። በዚህ ረገድ ከሬጅመንት ትረካ ይልቅ እውነተኛ የምርኮኞች ድርሰት ነው ለማለት ይቻላል። ይሁንና እርሱም የመኮንኖች ድርሰት ነው። በ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት መኮንን የሆነ ምርኮኛ ካልፈቀደ በቀር ሥራ እንዲሠራ አይገደድም ነበር። ተራው ወታደር ግን በእርሻ፣ በድንጋይ መፍለጫ፣ በማዕድን ጉድጓድ ተሰማርቷል። ጭፈራ ለማውጣት፣ ማስታወሻ ለመያዝ፣ በኋላም መጽሐፍ ለመጻፍ ጊዜ የነበረው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ስለ ምርኮ የምናነበው ነገር ሁሉ ከዚህ የጊዜ ክፍፍል የተወለደ መሆኑን አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም።

የስም ዝርዝሩ እንዴት ይነበባል?

እንግዲህ ተራው ወታደር መጽሐፍ ካልጻፈ ዱካው የት ይገኛል? በወረቀቶች ላይ ነው። ወረቀቶቹ ብዙ ናቸው፤ እዚህ ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር የጉዳተኞች ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር የሚናገረው በጥቂት ቃላት ነው፤ ሞተ፣ ቆሰለ፣ ጠፋ፣ ተማረከ። ከአራቱ ቃላት ለቤተሰብ እጅግ ከባዱ «ጠፋ» የሚለው ነው። መርዶ ከተነገረ ይለቀሳል፤ ከአርባና ከተዝካር በኋላ ኀዘን መልክ ይይዛል። የጠፋ ሰው ግን ቤተሰቡን በበር ላይ ያቆማል። ፈላጊው በዝርዝሮቹ ውስጥ የሚከተለው «ጠፋ» የሚለው ቃል «ተማረከ» ወደሚለው የተለወጠበትን ቀን ነው። በዚያ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንዳለፈ ግን ምንም ዝርዝር አይጽፍም።

ሁለተኛው ከጄኔቫ የሚመጣው ነው። በ1929ኙ ስምምነት ምርኮኛው ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ለቤተሰቡ ካርድ እንዲልክ ሊፈቀድለት ይገባል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጄኔቫ ያቋቋመው ማዕከላዊ የምርኮኞች ድርጅት ከየመንግሥታቱ የሚላኩለትን ስሞች እያንዳንዳቸውን በካርድ ላይ እየጻፈ በፊደል ተራ ያስቀምጥ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ የተከማቹት ካርዶች በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። የቫቲካን ራዲዮም የምርኮኞችን ስም እያነበበ ያሰማ ነበር። አንድን ስም ለመስማት ሌሊቱን ከራዲዮ አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሚመስል፣ ከአገሩ ወሬ በአጭር ሞገድ ራዲዮ ሲለቅም የኖረ ስደተኛ ሊነገረው አያስፈልግም።

ሦስተኛው፣ ለሂሳችን ዋናው፣ ጀርመኖች ለእያንዳንዱ ምርኮኛ የሚያወጡት የግል ካርድ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን አጠገብ ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ካርዱ የሰውየውን ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ሃይማኖት፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን የቤተሰብ ስም፣ ሬጅመንቱን፣ የወታደር ቁጥሩን፣ የተማረከበትን ቀንና ቦታ ይይዛል። ቁመቱንና የፀጉሩን ቀለም ይመዘግባል። የጣት አሻራና በሰሌዳ ላይ ቁጥር ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። የተከተበውን ክትባት፣ የተቀጣውን ቅጣት፣ ከአንዱ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው የተዛወረበትን ቀን ያሰፍራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህን ካርድ የጻፈው ጠላት ነው። የጻፈበት ዓላማ ሰውየው እንዳያመልጥ፣ ካመለጠም ታውቆ እንዲያዝ ነው። በካርዱ ውስጥ ፍቅር የሚባል ነገር የለም። ሆኖም የእናቱን ስም የሚያስታውሰው እርሱ ነው። የራሱ ሬጅመንት ታሪክ ሰውየውን ከብዙ መቶዎች እንደ አንዱ አድርጎ በሰልፍ ሲያሳልፈው፣ አሳሪው ጸሐፊ ቁሞ ፊቱን ተመልክቶታል። ፎቶግራፉን የሚያይ የልጅ ልጅ የሚያገኘው የጀግና ምስል አይደለም፤ የከሳ፣ የደነገጠ፣ አንዳንዴም የተናደደ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ቤት ውስጥ በክብር ተሰቅሎ ከኖረው የዘመቻ መሄጃ ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ፣ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማመን ጊዜ ይወስዳል።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። በደጋው ስኮትላንድ ጥቂት የቤተሰብ ስሞች ብዙ ሰው ይጋራቸዋል። በአንድ ሻለቃ ውስጥ ማክዶናልድ፣ ማኬንዚ፣ ፍሬዘር፣ ራሱ ካሜሮን የሚባለው ሰው ብዛት ፈላጊን ያደክማል፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ጆን ወይም ዶናልድ የሚባሉ ናቸው። ስለዚህ ፈላጊው በስም አይመራም፤ የሚመራው በወታደር ቁጥር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ነው የምንል ሰዎች በዚህ ልናዝን እንችላለን፤ ግን ቁጥሩ ስሙን ከመጥፋት ያዳነበት ጊዜ ብዙ ነው። በአባት ስም የምንጠራ፣ በየኤምባሲውና በየስደተኛ ጽሕፈት ቤቱ ስማችን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የተበታተነ እኛ ይህን ችግር ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

አራተኛው ነጻ የወጡት ምርኮኞች በ1945 የሞሉት መጠይቅ ነው። የእንግሊዝ ወታደራዊ ስለላ ክፍል ባዘጋጀው በዚህ ቅጽ ላይ ሰውየው የታሰረባቸውን ካምፖች ከነቀኑ፣ የሠራውን ሥራ፣ የታመመውን ሕመም፣ ለማምለጥ ሞክሮ እንደሆነ፣ ከጠላት ጋር የተባበረ ሰው ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። ከሁሉም ወረቀቶች ተራው ወታደር በገዛ እጁ የጻፈበት ይህ አንዱ ነው። ድርሰትነቱም ከዚህ ይመነጫል። ጥያቄው የስለላ ክፍሉ ነው፤ በጥያቄና በጥያቄ መካከል የተተወችው ጠባብ መስመር ግን የወታደሩ ናት። ቅጹ ስለ ናፍቆት አይጠይቅም፤ ስለ ሞተ ጓደኛም ከወንጀል ምስክርነት ውጭ ቦታ አልተወም። ወደ ቤቱ ለመሄድ የቸኮለ ሰው በጠባብ መስመር ላይ የጻፈውን ሦስት ቃል የሚያነብ ሰው፣ ሦስቱን ቃል ብቻ ሳይሆን የመስመሩንም ጥበት ማንበብ አለበት።

የመጨረሻው የታተመው መዝገብ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በጀርመን እጅ የነበሩትን ከ100 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ምድር ጦር ምርኮኞች ስም የያዘ ዝርዝር በ1945 አዘጋጅቷል፤ በ1990ም እንደገና ታትሞ ለፈላጊ ሁሉ ደርሷል። በየሬጅመንቱ የተከፋፈለ፣ ከስም ቀጥሎ የምርኮኛ ቁጥርና ካምፕ የያዘ ጠቃሚ መጽሐፍ ነው። ሆኖም ዝርዝሩ የተስተካከለው እስከ ማርች 1945 መጨረሻ ባለው መረጃ ነው። በየካምፑ የተጻፈው የመጨረሻው ቦታ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ያልገባው ፈላጊ አያቱ አምስቱን ዓመት በአንድ ካምፕ ያሳለፉ ይመስለዋል። ዝርዝር የቆመ ሰዓት ነው፤ ጉዞን ለማወቅ ብዙ የቆሙ ሰዓቶችን ጎን ለጎን ማኖር ያስፈልጋል።

የትዝታ መጻሕፍት

ከዝርዝሩ ወደ ትዝታ መጻሕፍት ስንመለስ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ከካሜሮኖቹ ውጭ የሆኑ ሦስት ጸሐፊዎችን እንውሰድ፤ ሦስቱም ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ የጻፉ ናቸው።

ኤሪክ ኒውቢ ብላክ ዋች የተባለው የስኮትላንድ ሬጅመንት መኮንን ነበር። በኦገስት 1942 በሲሲሊ ዳርቻ ተማርኮ ኢጣልያ ውስጥ ፎንታኔላቶ ታሰረ፤ በሴፕቴምበር 1943 ኢጣልያ እጅ ስትሰጥ ከካምፑ ወጥቶ በአፔኒን ተራሮች ገበሬዎች ደበቁት። በ1971 ያሳተመው «ፍቅርና ጦርነት በአፔኒን» ከምርኮ መጻሕፍት ሁሉ ተወዳጁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ የረዳችውን ሴት በኋላ አግብቷታል። መጽሐፉ ለገበሬዎቹ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው። ችግሩ መጽሐፉ ላይ ሳይሆን አንባቢው ላይ ነው፤ ምርኮን ሁሉ በኒውቢ መነጽር ካየነው ምርኮ የወጣትነት ጀብዱ ይመስላል።

ሮበርት ጋሪዮክ የኤዲንብራ ባለቅኔ ነው። ከስኮትላንድ ሬጅመንቶች በአንዱ ሳይሆን በመገናኛ ክፍል ያገለገለ ቢሆንም፣ እርሱም እንደ ካሜሮኖቹ በ1942 ቶብሩክ ላይ ተማርኮ በኢጣልያና በጀርመን ታስሯል። በ1975 ያወጣው ትዝታ ርዕሱ «ሁለት ሰዎችና አንድ ብርድ ልብስ» ነው። በዚህ ርዕስ ውስጥ ሬጅመንት የለም፤ ባግፓይፕ የለም። ሁለት ሰዎች አሉ፤ የማይበቃቸው አንድ ጨርቅ አለ። በእኔ ግምት ከምርኮ መጻሕፍት ርዕሶች ሁሉ ይህን የሚወዳደር የለም፤ የምርኮን ሥነ ምግባር በሙሉ በጥቂት ቃላት ይዞታልና። ብርድ ልብሱ እንዴት ይከፈል?

አሊስተር ኧርካርት የአበርዲን ልጅ፣ የጎርደን ሃይላንደርስ ተራ ወታደር ነበር። በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር ላይ በጃፓኖች ተማረከ፤ በበርማ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተሰቃየ፤ ምርኮኞች የጫነው መርከብ በሴፕቴምበር 1944 ሰምጦ ተረፈ፤ በመጨረሻም ናጋሳኪ አጠገብ ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው በ2010፣ በ90 ዓመት ዕድሜው ነው። ርዕሱ «የተረሳው ሃይላንደር» የሚል ነው። ተራ ወታደር ለመናገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ከ65 ዓመት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ቀንና ቦታ ሊያደባልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከካርዱ ጋር መነጻጸር አለበት። ካርዱም በተራው ከትዝታው ጋር ካልተነጻጸረ የብርድ ልብሱን ጉዳይ አያውቅም።

መዝገብ ሲዋሽና ዝም ሲል

ለዝርዝሩ ታማኝነት የመሰከርሁትን ያህል ስለ ዝምታውም መናገር ግድ ነው። ሁለት ምሳሌ ይበቃል።

በኖቬምበር 1942 ሺሊን የተባለች የኢጣልያ የጭነት መርከብ ከትሪፖሊ 800 ያህል የእንግሊዝ ጦር ምርኮኞችን በዕቃ ማከማቻዋ አጭቃ ወደ ሲሲሊ ተነሣች። ኖቬምበር 14 ቀን የእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ምርኮኞች እንዳሉባት ሳያውቅ አሰጠማት። ከምርኮኞቹ የተረፉት 27 ብቻ ናቸው። ለቤተሰቦች ግን እውነቱ አልተነገረም፤ ልጆቻቸው በኢጣልያ ምርኮ እያሉ ወይም በባሕር ላይ እንደሞቱ ብቻ ተጻፈላቸው። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን ገሃድ ያደረገው በ1996፣ ከ54 ዓመት በኋላ ነው። «በምርኮ ሞተ» የሚለው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ግን እውነትን ለመደበቅ የተመረጠ እውነት ነበር። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከልብ ወለድ ጋር ሳይሆን ከመንግሥት ወረቀት ጋር ስናገኘው ሂስ ከመዝናኛነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው ዝምታ የተለየ ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1943 የኢጣልያ እጅ መስጠት ሲታወጅ በአገሪቱ 80 ሺህ ያህል የተባባሪዎቹ ምርኮኞች ነበሩ። ከለንደን የመጣው ትእዛዝ ባላችሁበት ቆዩ የሚል ነበር። በብዙ ካምፕ ታዝዘው የቆዩትን ጀርመኖች ደርሰው ጫኗቸው፤ አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው። ትእዛዙን ያልሰሙት ወይም ያልታዘዙት ወደ ተራራ ወጡ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በማንም ዝርዝር ላይ የሉም። ይህ የመዝገብ ባዶ ቦታ የነጻነት ምልክት ነው፤ ሰውየው በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ነበርና። የገበሬዎቹ ውለታ የተጻፈው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ተባባሪዎቹ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚሽን ምርኮኛ የደበቁትን ኢጣልያውያን አቤቱታ ተቀብሎ ካሳ ይከፍል ነበር፤ የኮሚሽኑ መዛግብት ዛሬ በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቅርብ ርቀት፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። አንድ ስኮትላንዳዊ ለወራት የጠፋበት ዱካ በአንዲት ኢጣልያዊት ባልቴት የካሳ ማመልከቻ ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

ፈላጊዎቹንም ሳልተች አላልፍም። ብዙዎቹ የራሳቸውን ሰው ሲያገኙ ይቆማሉ። ካሜሮኖቹ ቶብሩክ ላይ የተሰለፉት በ11ኛው የህንድ ብርጌድ ውስጥ፣ ከማራታዎችና ከጉርካዎች ጋር ነው። አብረው ተዋግተው አብረው ተማርከዋል፤ በከረንም ቢሆን ከጎናቸው የወደቁት የፑንጃብና የራጅፑታና ልጆች ነበሩ። በታተመው የእንግሊዝ ምድር ጦር ዝርዝር ውስጥ ግን እነዚህ የሉም፤ የስኮትላንዱም ፈላጊ አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቃቸውም። የራስን ሰው ከመርሳት ያወጣ ፍለጋ በሌላው ሰው መረሳት ላይ መቆም የለበትም።

ካርድ ያልተጻፈላቸው

ይህ ነቀፌታ ወደ ራሳችን ያደርሰናል። በ1942 የካሜሮኖቹን ስም መዝግቦ የያዘው የኢጣልያ መንግሥት፣ ከአምስት ዓመት በፊት በእኛ ሰዎች ላይ ሌላ ዓይነት ጸሐፊ ነበር። በየካምፑ የታሰረው ስኮትላንዳዊ በሕግ ፊት «የጦር ምርኮኛ» ነው፤ ካርዱም፣ ደብዳቤውም፣ የቀይ መስቀል ጥቅሉም ከዚህ ስም ይመነጫሉ። በፋሺስቱ አስተዳደር ዓይን ግን የተማረከ አርበኛ ሽፍታ ነበር እንጂ ምርኮኛ አልነበረም። ደጃዝማች አበራ ካሳና ወንድማቸው አስፋወሰን በዲሴምበር 1936 እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ምርኮኛ የሚለው ሕጋዊ ስም ሲነፈግ፣ ከስሙ ጋር ካርዱም ይቀራል።

ከፌብሩዋሪ 1937ቱ ጭፍጨፋ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ወይዛዝርት ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ አሲናራ ደሴት ከታሰሩት አንዷ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ነበሩ፤ በ1940 ቱሪን ውስጥ አረፉ። የእነዚህን ስም እናውቃለን፤ ስማቸው አስቀድሞ በታሪክ ውስጥ ነበርና። በሶማሊያ ዳናኔ በረሃ ስለ ታጎሩት ሺዎች ግን የምናውቀው በአብዛኛው ከቁጥር አያልፍም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ለጦር ወንጀል ክስ ባቀረበው ማስረጃ ውስጥ፣ በካምፑ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ማለቁን የመሰከረ ቃል ይገኛል። ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ቁጥር ሲጠራ ማለት የእናታቸውን ስም የጻፈ የለም ማለት ነው። በካሜሮን ሸንተረር የተዋጋው ወታደር ከጠላቱ እጅ እንኳ ያገኘውን ነገር እነርሱ አላገኙም።

እንግዲህ የስኮትላንዶቹን መዝገብ ማንበብ ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት ቅናት ብቻ መሆን የለበትም። የልጅ ልጆቻቸው የሠሩት ሥራ ለእኛም የሚቻል ነው፤ አንድ ስም መያዝ፣ ስሙ የተጻፈባቸውን አጻጻፎች ሁሉ መዘርዘር፣ ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ምን ተወ ብሎ መጠየቅ፣ የተገኘውንም ከጎረቤት ስም ጋር ማኖር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ በክብር የተሰቀሉ፣ ከጀርባቸው ምንም ያልተጻፈባቸው የአርበኛ ፎቶግራፎች አሉ። የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ፈላጊ ቤተ መዛግብት ከመሄዱ በፊት የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ፎቶግራፉን ከግድግዳ አውርዶ፣ ገልብጦ፣ በእርሳስ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስምና የተወለደበትን ቀበሌ መጻፍ ነው። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።